ሀችባክ ዝቅ ሲደረግ፦ ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?

መኪናውን ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ባለው ክፍተት ላይ። እዚያ ውስጥ አራት ጣት ከገባ መኪናው እግሩ የረዘመ ይመስለዋል። ክፍተቱ ሲጠብ ያው መኪና ኮስተር ይላል፣ መሬት ይይዛል። ይሄን ፍላጎት አልነቅፍም። ዝቅ ያለ ሀችባክ፣ ማለትም የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና፣ ያምራል።

ችግሩ ክፍተቱ ከመልክ ውጪ ምንም አለመናገሩ ነው። መኪናው በየቀኑ የሚነዳ ይሁን ወይም የሚያማርር፣ የሚወስነው ከውጭ የማይታይ ሌላ ርቀት ነው። ጎማው ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት። ከዚህ በኋላ «የቀረው ጉዞ» እያልኩ እጠራዋለሁ። ትክክለኛ ከፍታ ማለት መኪናው ሙሉ ሰውና ዕቃ ጭኖ እንኳ ይህ ጉዞ የማያልቅበት ከፍታ ነው።

መጀመሪያ ሜትር

«40 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ከምን ተነስቶ? ሲባል ግን መልሱ ይጠፋል። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ አንድ ሞዴል እንኳ እንደ ሞተሩ ክብደትና እንደ ደረጃው ከፍታው ይለያያል። ስፖርት እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት ብዙ ጊዜ ገና ሲሠራ ከወንድሞቹ ዝቅ ያለ ነው። አሮጌ ሞላ ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ይረግባል።

ስለዚህ አንድም ብሎን ሳይፈታ መለካት ያስፈልጋል። ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ መለካት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልወደውም። ጎማው ሲያልቅ፣ ነፋሱ ሲቀንስ ወይም ቁመቱ የተለየ ጎማ ሲገጠም ቁጥሩ ይለወጣል። ሞላው ግን ምንም አልሆነም። የሚሻለው ከቸርኬው መሃል ተነስቶ ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ መለካት ነው። ይህ ቁጥር የጎማው ሁኔታ አያዛባውም።

አራቱንም ማዕዘን ለክታችሁ ጻፉ። ቦታው ደልዳላ ይሁን፣ የጎማው ነፋስ ትክክል ይሁን፣ ነዳጁ ግማሽ ገደማ ይሁን፣ ውስጥ ሰው አይኑር። መኪናው ከክሪክ ወርዶ ከሆነ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ሳይነዳ አትለኩ። ጎማዎቹ መሬቱን ነክሰው ስለሚይዙ መኪናው ወደ ቦታው አይመለስም፤ የምታገኙት ቁጥር ውሸት ይሆናል። ግራና ቀኝ በጥቂት ሚሊሜትር ቢለያዩ ግን አትደንግጡ። ብዙ መኪና እንዲህ ነው።

የቀረው ጉዞ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ ስፖንጅ የምትመስል፣ ግን ጠንካራ የሆነች ማቆሚያ አለች። ባምፕ ስቶፕ ትባላለች። ጎማው ወደ ላይ ሲሄድ መጀመሪያ ሞላው ይጨመቃል፤ ሞላው ካልቻለው ባምፕ ስቶፗ ታግዘዋለች። ስትነካ ለስለስ ትላለች። እየተጨመቀች ስትሄድ ግን በፍጥነት እንደ ድንጋይ ትሆናለች። በፋብሪካው ከፍታ ይህ የሚሆነው ትልቅ ጉድጓድ ሲገጥም ወይም ኩርባ በፍጥነት ስትዞሩ ነው።

እንበልና መኪናችሁ ቆሞ ባለበት ከፍታ 70 ሚሊሜትር የቀረ ጉዞ አለው። በ35 ሚሊሜትር ዝቅ አደረጋችሁት። ጉዞው በግማሽ ተቀነሰ። ያው ጉድጓድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ምት ግን አልተቀነሰም። ሞላ የሚውጠው ጉልበት በተጨመቀበት ርቀት ካሬ ስለሚያድግ፣ ያንኑ ምት በግማሽ ርቀት ለመዋጥ ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር ነበረበት። ለዝቅታ የሚሸጥ የመንገድ ሞላ ግን ከፋብሪካው የሚጠነክረው በጥቂቱ ነው። አራት እጥፍ የጠነከረ ብታገኙም ለዕለት ሥራ አትነዱትም። ልዩነቱን ማን ይሸከማል? ባምፕ ስቶፗ።

ከፍ ካለ ቦታ ዘሎ የሚያርፍ ሰው ጉልበቱን ያጥፋል። ቀድሞ ቁጢጥ ብሎ ካረፈ ግን የሚያጥፈው ነገር የለውም፤ ምቱ ቀጥታ ወገቡ ላይ ነው። በጣም ዝቅ ያለ መኪና ቁጢጥ ብሎ የሚኖር ሰው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዝቅ ያለ መኪና ሲደበድብ «ሞላው ጠንክሮ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነቱ ተቃራኒው ነው። ሞላው ለዚያ ከፍታ በጣም ለስላሳ ስለሆነ መኪናው ባምፕ ስቶፕ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ባለቤቱ ይሄን ሳያውቅ ይበልጥ ለስላሳ ሞላ ይገጥማል፤ ድብደባውም ይብሳል። ትንሽ ጠንከር ያለ ሞላ ወይም 10 ሚሊሜትር ከፍ ማለት ያው መኪና ምቹ ያደርገዋል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። ኩርባ መሃል ላይ የፊቱ ሾክ ባምፕ ስቶፕ ላይ ከደረሰ የፊቱ ጎማ በድንገት ይከብደውና አፍንጫው ወደ ውጭ ይሸሻል። የኋላው ከደረሰ ደግሞ ጅራቱ ይወጣል። ሁለተኛው የበለጠ ያስፈራል፤ ሾፌሩ የማይጠብቀው እሱ ነውና።

የቀረውን ጉዞ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሾኩን ዘንግ የሚሸፍነውን ላስቲክ ከፍ አድርጉና ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘንጉ ላይ እሰሩ። ዘንጉን አትጫር እንጂ እንዳትንሸራተት ጠበቅ በሏት። ከዚያ ከሾኩ አካል ጋር እስክትነካካ ወደ ታች ግፏት። በተለመደው መንገዳችሁ ነድታችሁ ስትመለሱ ማሰሪያዋ የቆመችበት ቦታ ሾኩ እስከ የት እንደገባ ያሳያችኋል። በየቀኑ ባምፕ ስቶፗ ውስጥ ጠልቃ የምትገኝ ከሆነ መኪናው ከልክ በላይ ዝቅ ብሏል። ጉዳዩ በዚህ ይቋጫል፤ ክርክር አያስፈልገውም።

የኋላ ወንበርና የዕቃ ቦታ

ሀችባክ ከሌላው የሚለይበት ነገር ይሄ ነው። ባዶ ሲሆን ኋላው ቀላል ነው። ሦስት ሰው ከኋላ ተቀምጦ የዕቃ ቦታው ሲሞላ ደግሞ ሌላ መኪና ይሆናል። ከፍታውን ባዶ መኪና አይቶ የመረጠ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰውና ዕቃ አንድ ላይ የኋላውን አክሰል 200 ኪሎ ቢጭኑበት ለአንድ ጎማ 100 ኪሎ ይደርሰዋል። የኋላው ሞላ ጎማው ላይ ሲለካ በየ2 ኪሎው 1 ሚሊሜትር የሚወርድ ከሆነ ኋላው 50 ሚሊሜትር ይወርዳል። (ሞላው ራሱ ላይ የተጻፈው ጥንካሬ ከዚህ ይለያል። ብዙ ጊዜ ሞላው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ጎማው ላይ የሚሰማው ጥንካሬ ያንሳል።)

ባዶ ሆኖ 90 ሚሊሜትር የቀረ ጉዞ የነበረው መኪና እንዲህ ተጭኖ 40 ይቀረዋል። ይህ ደህና ነው። ያንኑ መኪና በዚያው ሞላ ጥንካሬ 30 ዝቅ ካደረጋችሁት ግን 10 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል። ያ ማለት ምንም አልቀረም ማለት ነው። ሞላው በ30 በመቶ ቢጠነክር ጭነቱ የሚያወርደው 38 ሚሊሜትር ገደማ ይሆንና 22 ይተርፋል። ይሻላል፤ ለእኔ ግን አሁንም ትንሽ ያንሳል።

እኔ ተጭኖ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር የቀረ ጉዞ ከሌለ አልስማማም። ብዙ ጊዜ አራትና አምስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ የኋላውን ከ20 ሚሊሜትር በላይ አታውርዱት። ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር የሚነዳ 30 ሊደርስ ይችላል። በነገራችን ላይ ኋላው ከፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆሙ ጥሩ ነው። ባዶውን ሲታይ ቀጥ ያለ መኪና፣ ሰው ሲገባበት ኋላው ቁጭ ይላል። መልኩም ያን ጊዜ ይበላሻል።

የፊቱ ክንድ

የአብዛኛው ሀችባክ ፊት ማክፈርሰን በሚባለው አሠራር የተሠራ ነው። ከላይ ሾክና ሞላ አንድ ላይ፣ ከታች አንድ ክንድ። ክንዱ ከመኪናው ወገብ ተነስቶ ጎማው ጋ በቦል ጆይንት፣ ማለትም በየአቅጣጫው በሚዞር መገጣጠሚያ፣ ይያያዛል። ከጎን ተንበርክካችሁ ተመልከቱት። በፋብሪካው ከፍታ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎማው በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ወይም ደልዳላ ነው።

መኪናው ዝቅ ሲል ወገቡ ይወርዳል፤ ጎማው ግን መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የክንዱ የውጭ ጫፍ ከውስጠኛው አንጻር እየወጣ ይሄዳል። ደልዳላውን ካለፈ በኋላ ነገሩ ይበላሻል። መኪና ኩርባ ላይ ሲያዘነብል የሚዞርበት ምናባዊ ነጥብ አለ። የዚህ ነጥብ ቦታ በክንዱ አቅጣጫ ይወሰናል። ክንዱ ወደ ላይ ሲያዘነብል ነጥቡ ከመኪናው ክብደት መሃል ይበልጥ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ አካሉን የሚያዘነብለው ኃይልም ያድጋል። ውጤቱ የሚያስቅ ነው። ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል ተብሎ ዝቅ የተደረገ መኪና፣ ሞላው በበቂ ካልጠነከረ፣ ከበፊቱ ይበልጥ ያዘነብላል። በዚያ ላይ መኪናው ሲያዘነብል ጎማው ቀጥ ብሎ መሬት የመርገጥ ችሎታው ይቀንሳል።

ስለዚህ ለፊቱ ከፍታ ጥሩ ልኬት አለ፤ ያለ ሜትር በዓይን የሚታይ። ከክንዱ የውስጥ ብሎን እስከ ቦል ጆይንቱ መሃል በሐሳብ መስመር አስምሩ። የብረቱን ቅርጽ አትዩ፤ ክንዱ የተጎበጠ ሊሆን ስለሚችል ያሳስታል። መስመሩ ደልዳላ ከሆነ ቁሙ። የውጭው ጫፍ በግልጽ ከፍ ካለ አልፋችኋል። ይህን የሚያስተካክሉ ረዘም ያለ ዘንግ ያላቸው ቦል ጆይንቶች ለአንዳንድ ሞዴል ይሸጣሉ። ግን ለዕለት መኪና ያን ያህል ርቆ ሄዶ መልሶ ከማስተካከል 10 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ይረክሳል።

ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግም ዝንባሌው ይቀየራል። ዘንጉና ክንዱ በአንድ ዓይነት ቅስት ካልተንቀሳቀሱ ጎማው በየጉብታው ትንሽ ትንሽ ይጠመዘዛል። መሪው እጃችሁ ላይ ሲቅበጠበጥ የሚሰማችሁ ይሄ ነው። ከፍታው ሲቀየር ደግሞ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ከመሄድ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይዞራሉ። ዝቅ ያለ መኪና የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በላ ሲባል ካምበር፣ ማለትም የጎማው ወደ ውስጥ መጋደል፣ ይወቀሳል። ከዚያ ይበልጥ የሚበላው ግን ይህ ያልተስተካከለ አቅጣጫ ነው። ካምበሩ እስከ 1.5 ዲግሪ ገደማ ወደ ውስጥ ቢጋደልም አቅጣጫው ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ጎማው ደህና ዕድሜ ይኖረዋል። አላይመንት የግድ ነው።

የኋላው እንደ አሠራሩ ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ተጠማዛዥ ብረት የተያያዙበት ርካሹ አሠራር ዝቅ ሲል ካምበሩ ብዙም አይለወጥም። ለዚህ ሥራ ቀላሉ እሱ ነው። ብዙ ክንድ ያለው ውዱ አሠራር ግን ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማውን ወደ ውስጥ ያጋድላል። ማስተካከያ ብሎኑ የት እንደሚያበቃ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሥር የሚቧጨረው

በሁለቱ አክሰሎች መካከል 2.6 ሜትር ያለው ሀችባክ እንውሰድ። የወገቡ ከፍታ 15 ሳንቲሜትር ሲሆን ሳይቧጨር የሚያልፈው የጉብታ ማዕዘን 13 ዲግሪ ገደማ ነው። 11 ሳንቲሜትር ሲሆን ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። አራት ሳንቲሜትር ወርዶ ሩብ ያህሉን አቅም አጣ ማለት ነው። የፊት ከንፈሩም እንዲሁ ነው። ከጎማው ርቆ ወደፊት በወጣ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል፤ ስለዚህ መከላከያው ረዘም ያለ መኪና በዚያው ሚሊሜትር ይበልጥ ይቸገራል።

የሚነካው ምንድነው የሚለውም ይለያል። የፕላስቲክ ከንፈር ቢቧጨር ልብ ያሳዝናል እንጂ መኪናው ይሄዳል። የሞተር ዘይት የሚይዘው ኮፓ ሲመታ ግን ዘይቱ ይፈስሳል፤ ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። ከሥር ገብታችሁ የትኛው ዝቅ እንዳለ እዩ። ኮፓው ከሆነ መኪናው ተጭኖ ቢያንስ 11 ሳንቲሜትር ያህል እንዲተርፍ አድርጉ። የጭስ ማውጫው ከሆነ ትንሽ ልትታገሱ ትችላላችሁ።

አንድ ልማድ ብዙ ያድናል። ፍሬን እንደያዛችሁ ጉብታ ላይ አትውጡ። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ስለሚወርድ የተዋችሁትን ቦታ እናንተው ትበሉታላችሁ። ቀድማችሁ አቀዝቅዙ፣ ጎማው ከመንካቱ በፊት ልቀቁ። ቀጥ ያለ መወጣጫ ካለ ደግሞ አገድም ግቡ።

ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካ እንደሆነ ለማየት መኪናውን ቆሞ ማየት በቂ አይደለም። አንድ የፊት ጎማና የተቃራኒው ጎን የኋላ ጎማ ጠንካራ እንጨት ላይ ይውጡ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ይዙር፣ ከዚያ ይታይ። ሰፊ ቸርኬ የገጠመ ሰው ብዙ ጊዜ የከፍታውን ገደብ የሚያገኘው እዚህ ነው።

የፊት መብራቱንም አስተካክሉ። ፊትና ኋላው እኩል ካልወረዱ የመብራቱ ማዕዘን ይቀየራል። በዚያው 2.6 ሜትር መኪና ፊቱ ከኋላው 1 ሳንቲሜትር ይበልጥ ከወረደ ብርሃኑ 10 ሜትር ላይ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ኋላው ከበለጠ ወደ ላይ ይወጣና ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። መብራቱን ራሱ የሚያስተካክል ወይም ፊት ለፊት በካሜራና በራዳር የሚያይ መኪና ከሆነ ሴንሰሮቹ እንደገና መመጠን አለባቸው። በአንዳንድ አገር ሞላ መቀየር ተመርምሮ መመዝገብ ያለበት ለውጥ ነው፤ ኢንሹራንስም ማወቅ ይፈልጋል።

ሞላ ወይስ ኮይሎቨር?

ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር የሚፈልግ ሰው የዝቅታ ሞላ ይበቃዋል። የቆዩት ሾኮች ገና ጠንካራ ከሆኑ አብረው ይሠራሉ። ከዚያ በታች ለመውረድ አጠር ያለ ሾክ ያስፈልጋል። ያለውን ሞላ ቆርጦ ማሳጠር ግን ከቶ አይነካም። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ኮይሎቨር፣ ማለትም ሾክና ሞላ አንድ ላይ የተገጠሙበት ዕቃ፣ ከፍታውን በጥርስ ማስተካከል ያስችላል። ሻጩ «ከ30 እስከ 70» ብሎ ቢጽፍ 70 ማለት ጥርሱ እስከዚያ ይወርዳል ማለት ነው። ይነዳል ማለት አይደለም። ዓይነቱም ሁለት ነው። አንዱ የሞላውን መቀመጫ ብቻ ያወርዳል፤ ሲወርድ የቀረው ጉዞ አብሮ ይቀንሳል። ሌላው የሾኩን የታችኛውን አካል ራሱን ያሳጥራል፤ ሾኩ ውስጥ ያለው ጉዞ አይነካም። ሁለተኛው ይወደዳል፣ ግን ብዙ ለሚወርድ ሰው ገንዘቡ የሚገባው እሱ ነው። በዚያ ላይም ቢሆን ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ የሚገባበት ቦታ አልሰፋም። የትኛውም ቢሆን መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው በእጅ ሲነካ የሚሽከረከር ከሆነ ልክ አይደለም።

ክፍተቱ ብቻ ከሆነ የሚያናድዳችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ቁመቱ በ2 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ጎማ ብትገጥሙ ክፍተቱ ከላይ በ1 ሳንቲሜትር ይጠባል፤ ወገቡም ከመሬት በ1 ሳንቲሜትር ይነሳል። የፍጥነት መለኪያው 3 በመቶ ገደማ አሳንሶ ማሳየቱንና ጎማው መሪ ሲዞር የሚነካው ነገር አለመኖሩን ማየት ነው። 20 ሚሊሜትር ዝቅ ካለ ሞላ ጋር ሲሆን ብዙ ሰው 30 ወርዷል ብሎ ይምላል።

ቁጥር ስጥ ካላችሁኝ እሰጣለሁ። ፊቱን ከ25 እስከ 30፣ ኋላውን ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር። የክንዱ መስመር ከዚያ በፊት ከደለደለ እዚያው ቁሙ። ኮይሎቨር ከሆነ ከምትፈልጉት 5 ሚሊሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ አዲስ ሞላ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ሲሄድ ትንሽ ይረግባል። ለሳምንት ያህል ሰው ጭናችሁም ባዶም ንዱት፣ የፕላስቲክ ማሰሪያዋን እዩ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው እንደገና ለኩ። የመጨረሻውን አላይመንት ያን ጊዜ አሠሩ። የላስቲክ ቡሾቹን የያዙት ብሎኖች ደግሞ መኪናው በጎማው ቆሞ እያለ ይጠበቁ። ተንጠልጥሎ ከተጠበቁ ቡሾቹ ተጠምዝዘው ይቀራሉ፤ ከፍታውንም ያዛባሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ።